ከኋላ ማን ይቀመጣል?

«ያ ወለዲ (ልጄ)፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትገዛለህ?» አሉኝ ሐጂ።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ካርቱምን ትንሽ ብርድ ብርድ የሚላት በዚያ ሰሞን ስለሆነ ነጭ ሻላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ከካርቱም ወንዝ ማዶ ባለችው ባህሪ፣ የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ ጋራዡ በር ላይ ሻይ ከምታፈላው ሴት ዘንድ በርጩማ ስበን ተቀምጠናል። የመጨረሻ ልጃቸው ከጀርባችን ቆሞ ስልኩን ያሳያቸዋል። ስልኩ ላይ ያለው ፎርድ ሬንጀር ራፕተር ነው፤ አሸዋ እየረጨ አየር ላይ ተንሳፍፏል። የሐጂ ልብ ያለው ግን ሌላ ጋ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት ላንድክሩዘር ስቴሽን ዋገን፣ እኛ አገር «ቪ8» የምንለውን ነው።

ያኔ ካርቱም ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከጎንደር በመተማ ተሻግሬ፣ ሐበሻ የበዛበት ዴም ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ መጀመሪያ ከጎሚስታ ጋር ጎማ ስፈታ፣ ቀጥሎ መካኒክ፣ በመጨረሻ የሐጂ ሾፌርም መካኒክም ሆኜ ኖርኩ። ሐጂ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ባህሪ፣ ሰሊጣቸው ገዳሪፍ፤ በመካከሉ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። የሚገዙት መኪና ያንን መንገድ በወር ሁለት ሦስቴ ይመላለስበታል።

ሱዳን ውስጥ የፒክአፕ ስሙ ቦክሲ ነው። ቦክሲ ዕቃ ይጭናል፣ በግ ይጭናል፣ ኋላው ላይ አግዳሚ ወንበር ተበይዶበት ሸራ ሲለብስ ደግሞ ታክሲ ይሆናል። የላንድክሩዘር ፒክአፕ፣ 79 የሚባለው፣ ለብቻው ስም አለው፤ ታቸር ይሉታል። «የብረት እመቤት» ትባል በነበረችው በእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር በማርጋሬት ታቸር ስም መጥራታቸው ነው። እንዲህ ያለ ስም ለመኪና የሚወጣበትን ምክንያት የጎረቤት አገር ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1987 ቻዶች ቶዮታ ፒክአፕ ላይ ፀረ ታንክ ሚሳይል ጠምደው የሊቢያን ታንኮች በበረሃ አሳደዱ። ያ የጦርነቱ ምዕራፍ እስከ ዛሬ «የቶዮታ ጦርነት» ተብሎ ይጠራል። በሰሐራ ዳርቻ ጠንካራ ፒክአፕ የነጋዴም የተዋጊም ዓይን የሚያርፍበት ንብረት ነው። ይህን የማነሣው በኋላ ስለምመለስበት ነው።

ልጁ ስለ ራፕተሩ የሚያወራው ሐሰት አልነበረም፤ ለአባቱም ይህንኑ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሬንጀር ራፕተር ተራውን ፒክአፕ ቀለም ቀብተው ያቀረቡት መኪና አይደለም። ጎማዎቹ ሰፋ ብለው ይቆማሉ፤ ሾክ አብዞርበሮቹ ብዙ ይወርዳሉ፣ ብዙ ይወጣሉ፤ ከኋላ ደግሞ ባሌስትራው ወጥቶ በሞላ ተተክቷል። በፍጥነት ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጎማው ወርዶ ይመለሳል እንጂ ጋቢናው ውስጥ ያለው ሰው ጭንቅላቱ ጣሪያ አይመታም። ጓደኞቹን ይዞ በረሃ ለበረሃ ለሚጋልብ ጎረምሳ ከዚህ የሚሻል ፒክአፕ ጥቂት ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ግን ከጭነቱ ተቀንሶ ነው። ተራው ሬንጀር አንድ ቶን ገደማ ሲሸከም ራፕተሩ 600 ኪሎ ገደማ ላይ ይቆማል። ለሰሊጥ ነጋዴ ቁጥሩን በኩንታል መንገር ይበቃል፤ ስድስት ኩንታል። የተሳፋሪው ክብደትም ከዚያው ላይ ይታሰባል፤ አራት ሰው ከተሳፈረ ሦስት ኩንታል ያህል ብቻ ይቀራል።

የመለዋወጫው ነገርም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ 2017 ቆይቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ የካርቱም መካኒክ እጁን የፈታው፣ የዕቃ ሻጩም መደርደሪያውን የሞላው በቶዮታ ነው። የሀይሉክስ ኩሽኔታ ዑምደርማን ገበያ ዓይንህን ጨፍነህ ታገኝ ነበር። የራፕተር ሾክ አብዞርበር ሲፈስስ ግን ከዱባይ እስኪመጣ መኪናህ ግቢ ውስጥ አቧራ ይጠጣ ነበር።

ስለ አቧራ ካነሣሁ አይቀር፣ ሐቡብ የሚባለውን የካርቱም አውሎ አቧራ ያላየ ሰው የአየር ፊልትሮ ምን እንደሆነ አያውቅም። ቡናማ ግድግዳ ከሰማይ ወርዶ ከተማውን ይውጠዋል፤ በቀትር መብራት ይበራል። በማግስቱ ፊልትሮውን አውጥቼ መሬት ላይ ቀስ ብዬ ሳንኳኳው የሚረግፈው አቧራ እንደ ሽሮ ዱቄት የላመ ነው፤ በጣት መሀል ሲታሽ አይሻክርም። ያ ዱቄት ሞተር ውስጥ ከገባ ሲሊንደሩን ይበላዋል። ናፍጣው ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። የታቸር ባለ 4.2 ሊትር አሮጌ ዓይነት ሞተር ቱርቦ የለውም፣ ፓምፑ መካኒካል ነው፤ ከበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ቢሰጡትም እያጉረመረመ ይሄዳል። የራፕተሩም ሆነ የቪ8ቱ ናፍጣ ሞተር ግን ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት፣ በኤሌክትሮኒክስ ትእዛዝ የሚረጭ ነው። ትንሽ ውኃ ወይም ቆሻሻ ከገባ ኖዝሉ ይበላሻል፤ ኖዝሉ ደግሞ ርካሽ አይደለም። በዚህ በኩል ሁለቱ መኪኖች እኩል ናቸው። ሐጂ ቪ8 ከገዙ የነዳጅ ፊልትሮውን ቀን ሳላሳልፍ እንደምቀይር ቃል የገባሁላቸው ለራሴም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ያሰብኩት ስለ ሐጃ ነበር። ባለቤታቸው ወገባቸውን ይታመማሉ፤ ዲስካቸው ተንሸራቷል። ገዳሪፍ እናታቸው ቤት ሲሄዱ በአሮጌው ሀይሉክስ እወስዳቸው ነበር። እሱ ደብል ጋቢና ነው፣ ከኋላው ባሌስትራ። ባሌስትራ ማለት የተደራረበ የብረት ምላስ ነው፤ ሲጫንበት ይለጠጣል፣ ባዶ ሲሆን ይገትራል። ባዶ ቦክሲ ኮረኮንች ላይ እንደ ፍየል የሚዘለው ለዚህ ነው፤ ፍሬን ሲያዝም ኋላው ስለሚቀል መንሸራተት ይወዳል። ስለዚህ ሐጃን ስወስድ ባዶ ሄጄ አላውቅም። ሁለት ኩንታል አሸዋ ወይም ሰሊጥ ከኋላ ጎማዎቹ ትይዩ አስተኝቼ አስራለሁ። ያን ጊዜ ያው መኪና አደብ ይገዛል። ሐጃም ያውቃሉ፤ ከመሳፈራቸው በፊት «ጆንያው አለ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ስቴሽን ዋገኑ ጆንያ አይፈልግም። ክብደቱ 2 ቶን ተኩል ገደማ ስለሆነ በራሱ መንገድ ይዞ ይቀመጣል፤ ከኋላ ሞላ ነው፣ ፊት ያሉት ጎማዎችም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይወርዳሉ ይወጣሉ። ስምንት ሰው ይይዛል፤ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያሉት የልጅ ልጆች ሳይቀሩ ቀዝቃዛ አየር ይደርሳቸዋል። በሚያዝያና በግንቦት ካርቱም 45 ዲግሪ ስትነካ ይህ እንደ ቅንጦት አይቆጠርም። ቦክሲ ኋላ ላይ ሰው ሲጫን ማየት ከልቤ አልወድም። ቀበቶ የለ፣ ጣሪያ የለ፤ መኪናው አንዴ ከተገለበጠ መትረፍ ያጠራጥራል። ፀሐዩ ብቻውን አንድ ሕፃን ለማድከም ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም።

ትልቅ መኪና ማለት ግን የማይሰምጥ መኪና ማለት አይደለም። ክብደቱ አሸዋ ላይ ጠላቱ ነው። አሸዋ ውስጥ ከመግባትህ በፊት 35 ፒኤስአይ የነበረውን የጎማ ንፋስ ወደ 18 ማውረድ አለብህ፤ ጎማው እንደ ግመል ኮቴ ይሰፋና መሬቱን ሳይቆፍር ይሄዳል። አስፋልት ስትወጣ መልሰህ ሳትነፋ ብትነዳ በዚያ ሙቀት ይፈነዳብሃል። የገዳሪፍ ዋልካ መሬት በክረምት ሲርስ ደግሞ ራፕተርም ላንድክሩዘርም አያውቅም፤ ጭቃው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ጎማና ፓራፋንጎ ያጣብቃል። ያኔ ያለው አማራጭ መጠበቅ ነው።

«ሐጂ፣ ከኋላ ማን ነው የሚቀመጠው?» አልኳቸው። ሻያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «እናትህ» አሉት። ላንድክሩዘሩ በዚያው ወር ተገዛ። አሮጌው ሀይሉክስ ለሰሊጡ ቀረ። ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታዬን በአንገቱ ብቻ ነበር የሚመልሰው።

አሁን ወደ ጎንደር ተመልሼ አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህም ሰው ይመጣና ደብል ጋቢና ልግዛ ወይስ ላንድክሩዘር ይለኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ብዙው ሰው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካሉት አሮጌዎች መሀል ነው። እኔም መልሼ ያንኑ እጠይቃለሁ። መተማና ቋራ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመላልስ ከሆነ ቦክሲ ይግዛ፤ ባሌስትራው ያልተሰበረ፣ ሻንሲው ያልተበየደ መሆኑን ግን ከሥር ተኝቶ በባትሪ ይይ። እናት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የሚሳፈር ከሆነ ጣሪያና በር ያለው መኪና ይግዛ፤ ቪ8 ባይሆንም ያው ነው። አገራችን ውስጥ አምቡላንሱ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ ታማሚ ይተኛበታል፣ አስታማሚ አጠገቡ ይቀመጥበታል፣ ሞተሩንና ሻንሲውን ደግሞ ማንኛውም የገጠር መካኒክ ያውቀዋል። አንድ መኪና ሁለቱንም ሥራ በደንብ ይሠራልኛል ብሎ የሚመጣ ሰው ያሳዝነኛል፤ ሁለቱንም በግማሽ የሚሠራ መኪና ነው ይዞ የሚሄደው።

ወደ ካርቱሙ ታሪክ ልመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። እኛ ሐበሾች ለፋሲካ ዶሮ ገዝተን ሽንኩርት እየከተፍን፣ እነሐጂ ደግሞ በረመዳን የመጨረሻ ሳምንት ላይ። ጠዋት የካርቱም ጦርነት ተኩስ ተጀመረ። እኔ ሌሊቱን እነሐጂ ግቢ ነበር ያደርኩት፤ ወንዙን አሻግሮ ወደ ዴም የሚመልሰኝ ክፍት ድልድይ አልነበረም። በስድስተኛው ቀን የታጠቁ ሰዎች በሩን አንኳኩ። ላንድክሩዘሩን ነበር የፈለጉት። ሐጂ ቁልፉን ራሳቸው አምጥተው ሰጡ። አንደኛው ወደ አሮጌው ሀይሉክስ ሄዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ባትሪውን ቀድሜ አውጥቼ ነበር። ፀሐይ የላጠውን ቀለሙን አየና ጎማውን በእግሩ መትቶት ሄደ።

ምክሬ ስህተት ነበር ወይ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። የሚፈለግ መኪና ያለው ሰው በጦርነት ጊዜ መጀመሪያ የሚዘረፍ ነው፤ ራፕተሩ ቢሆንም፣ ታቸር ቢሆንም ያው ነበር። ዛሬም ሐጂ ቢጠይቁኝ የምለው ያንኑ ነው። ሐጃ በዚያ መኪና አምስት ወር ወገባቸውን ሳያማቸው ሄደዋል።

ላንድክሩዘሩ ከተወሰደ ከሁለት ቀን በኋላ በአሮጌው ሀይሉክስ ለመውጣት ተነሣን። ዘጠኝ ሰው ነን። ሐጃ ጋቢና ውስጥ ወገባቸውን አጥፈው ስምንት ዘጠኝ ሰዓት መቀመጥ አይችሉም፤ መተኛት አለባቸው። የማልወደውን ነገር ማድረግ ነበረብኝ። ዕቃ ቤት ውስጥ ለናሙና የተቀመጠ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ነበር። ከኋላ ጎማዎቹ ትይዩ አጋድሜ አሰርኩት፤ በላዩ የሱፍ ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ ሐጃ፣ ከሐጃ በላይ በአራት ብረት የተወጠረ ሸራ። ሐጃን ስናወጣቸው «ጆንያው አለ?» አሉኝ። «አለ፣ ሐጃ» አልኳቸው። ልጁ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ በውኃ የራሰ ጨርቅ ግንባራቸው ላይ ያደርግ ነበር። እኔ ጀሪካን ውስጥ ያለውን ናፍጣ በሐሳቤ እየቆጠርኩ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሳልነዳ በዋድ መዳኒ በኩል ሌሊት ገዳሪፍ ገባን። ሐጃ በእግራቸው ወረዱ።

ሐጂ ሁለቱን ኩንታል በማግስቱ ገዳሪፍ ገበያ ሸጠው ገንዘቡን በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ፤ የመንገድ ስንቅህ ነው አሉ። እስከ ጋላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጁ በሀይሉክሱ ሸኘኝ። መኪናው ባዶ ነበር። ዶካን አልፈን አስፋልቱ በተቦረቦረበት ሁሉ ይዘል ጀመር። ልጁ መሪውን አጥብቆ ይዞ «ጆንያ ሳንጭን ወጣን» አለኝ።