ጅራቷን አትያዢ

ማዳም ለልጆቿ አይጥ ገዝታ ከመጣች፣ ሦስት ቀን የልጆቹ ናት፤ በአራተኛው ቀን የአንቺ ሆና ታገኛታለሽ። አማን ከተማ ሰው ቤት የሠራች ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። እኛ ደግሞ አይጥ ጎተራ ስትበሳና ወጥመድ ሲጠመድባት እያየን ነው ያደግነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ቤቷን ልጠርግ ከፍቼ፣ ስትሮጥ ባያት ጊዜ ክዳኑን ወርውሬ ወንበር ላይ ወጥቻለሁ።

ከሁለታችን ይበልጥ የፈራችው ግን እሷ ናት። ለአይጥ ከላይ የሚወርድባት ነገር ሁሉ ጭልፊት ነው። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ዓለሟን የምታውቀው በአፍንጫዋ፣ በጢሟና እኛ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ በሚሰማው ጆሮዋ ነው። እንግዲህ በረኪና የሚሸት እጅ ከላይ ሲመጣባት ምን እንደሚሰማት አስቢው። በር ላይ ድመት አሻሽተሽ ከገባሽማ ባሰ፤ አማን ውስጥ ደግሞ ድመት የማይተኛበት ደረጃ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ እጅሽን ሽታው በማይበረታ ሳሙና ታጠቢ፤ ከዚያ ተያት። ሁለት ሦስት ቀን ውሃዋንና ምግቧን ከመቀየር በቀር አትንኪያት። ለብሰሽው የዋልሽውን አሮጌ ጨርቅ ቁራጭ ሳታጥቢ ቤቷ ውስጥ ጣል አድርጊላት፤ ሽታሽን በራሷ ጊዜ ትልመደው። የምትነቃው ሲመሽ ስለሆነ ላንቺም ይመቻል፤ የእራት ዕቃ ታጥቦ ቤቱ ጸጥ ሲል ከጎኗ ተቀምጠሽ በለሆሳስ አውሪያት። በአማርኛም ቢሆን ግድ የላትም።

ቀጥሎ መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ ወለሉ ላይ አሳርፊ፤ አታንቀሳቅሺው። ጣትሽ ጫፍ ላይ አንድ የሱፍ ፍሬ፣ እዚህ ቢዝር የሚሉትን፣ አስቀምጪ። መሐምስ በሚሉት መቁያ ቤት ተቆልቶ የሚሸጠው ጨው የበዛበት ስለሆነ አይሆናትም፤ ጥሬውን «ነይ» ብለሽ ጠይቂ፤ የኛው መጥሪያ ሳይሆን የዐረብኛው «ጥሬ» ነው። በመጀመሪያው ቀን ነጥቃ ትሸሻለች። ከቀናት በኋላ እዚያው ተቀምጣ ትፈለፍላለች። ያኔ ፍሬውን ወደ መዳፍሽ መሃል፣ ከዚያም ወደ አንጓሽ አሳልፊው። ብትነክስሽ እጅሽን አትንጠቂ፤ ብዙ ጊዜ ምግብ ምግብ የሚሸት ጣት ልትቀምስ ፈልጋ ነው።

በእርግጥ ፍርፋሪ ተከትላ ሰው መጠጋቷ አዲስ አይደለም። የቤት አይጥ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው በዚሁ አካባቢ ነው፤ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ እርሻ ገና ሳይታወቅ፣ ሰዎች አንድ ቦታ መቀመጥ ሲጀምሩ። በሰሜን ምሥራቅ ዮርዳኖስ ጥቁር በረሃ፣ ሹበይቃ በተባለ ቦታ፣ 14,400 ዓመት ገደማ የሆነው የዳቦ ፍርፋሪ ተገኝቷል። ያኔም ሳትቀምሰው አልቀረችም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው አይጥን በጅራቷ አንጠልጥሎ ያነሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲዎቹ ጄን ኸርስትና ርብቃ ዌስት ይህን ፈትነው ውጤቱን አሳተሙ፤ በጅራት የሚነሱት እጅ ሲያዩ ይሸሻሉ፣ ይጨነቃሉ፤ ቱቦ ውስጥ ገብተው ወይም በሁለት መዳፍ ታፍሰው የሚነሱት ግን ራሳቸው ወደ ሰው ይቀርባሉ። ቱቦ አትግዢ፤ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶን ይበቃል። ከፊቷ ታስቀምጪዋለሽ፣ ትገባለች፣ ጫፍና ጫፉን በእጅሽ ከልለሽ ታነሻታለሽ። ከዚያ ወለል ላይ ባለ ደረቅ ሳፋ ውስጥ ልቀቂያት፤ ብትዘል አትጎዳም፣ ፍሪጅ ሥርም አትገባብሽም።

የቤቱ አባወራ ሲቀርባት ብትደነብር አይድነቅሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወንድ ሽታ፣ ለብሶት ያደረው ካናቴራ ሳይቀር፣ አይጦችን እንደሚያስጨንቅ፣ የሴት ግን እንደማያስጨንቅ አሳይተዋል። እዚህ ላይ እንኳ ቀድመናል።

ቤቷን ስትጠርጊ ሁሉንም ባንድ ቀን አታጥፊባት፤ ከተኛችበት ሶፍትና ጨርቅ ጥቂቱን መልሽላት፣ የራሷ ሽታ ከጠፋ እንግዳ ቤት የገባች ይመስላታል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ከተማ ይህም ትንሽ እፎይታ ነው። በብርዱ ወራት ሶባ ከሚሉት ማሞቂያ አጠገብ አታስጠጊያት። ብቻዋን ከምትሆን ሁለት ሴቶች ይሻላሉ፤ ሁለት ወንዶች ግን ይጣላሉ። ነክተሻት ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢ፤ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሌላ ሰው ይያዛት። ከኩሽና የተያዘችን የዱር አይጥ ላልምድ ማለት ግን አይሞከርም፤ በሽታ ታመጣለች።

ለመደችኝ የምትይው መዳፍሽ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ፊቷን ስትታጠብ ነው፤ ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ጅራቷን እያርገበገበች ወለሉን ስትመታ ካየሻት ግን ለዛሬ ይበቃታል፤ እጅሽን ቀስ ብለሽ አውጪ።