በሥራ ቦታ ስለሚታየው የትውልድ ልዩነት

በአንድ መሥሪያ ቤት አንጋፋና ወጣት ሠራተኞች ሳይስማሙ ሲቀሩ፥ ነገሩ ወዲያው «የትውልድ ልዩነት ነው» ይባላል። ወጣቱ «ችኩል ነው»፥ አንጋፋውም «አዲስ ነገር አይቀበልም» ተብሎ ይፈረድበታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ በቂ መሠረት እንዳለው መመርመር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዕድሜ ነው፤ ማንም ሰው በ25 ዓመቱና በ55 ዓመቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። ሁለተኛው ዘመን ነው፤ ኮምፒዩተር ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ የሁሉም አሠራር ይለወጣል። ሦስተኛው ትውልድ ነው። የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ የነበሩት ካርል ማንሃይም እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ በአንድ ጊዜ መወለድ ብቻውን አንድ ትውልድ አያሰኝም፤ በወጣትነት ዘመን ታላላቅ ለውጦችን በጋራ ማሳለፍም ያስፈልጋል። በአገራችን በደርግ ዘመን የተማረ ሠራተኛና ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ ሠራተኛ በዚህ መለኪያ ሊለያዩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ሁለቱን በአንድ ቀን ብቻ አስተያይቶ ልዩነታቸው ከየትኛው እንደ መጣ መለየት አይቻልም። የዛሬው አንጋፋ በ25 ዓመቱ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ማወቅ ያሻልና። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ዘገባ፥ ሠራተኛን በትውልድ ስም እየመደቡ ማስተዳደር በቂ የጥናት ድጋፍ እንደሌለው ገልጸዋል።

የመሪነት ተራ በልደት ዓመት ብቻ የሚወሰን አለመሆኑን የቦረና ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ያሳያል። በዚያ ሥርዓት ልጅ የሚመደበው በአባቱ ምድብ መሠረት ነው፤ የልጁም ምድብ የአባቱን በ40 ዓመት ይከተላል። ስለዚህ እኩዮች በተለያየ ደረጃ ሊገኙ ይችላሉ። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ ተረካቢውም አስቀድሞ በየደረጃው ሲዘጋጅ ይቈያል። ሁሉም ተራውን ያውቃል።

ይህ ለመሥሪያ ቤት አለቃ ትርጕም አለው። «አይማርም» የተባለ አንጋፋ ከሥልጠና ይቀራል፤ ሳይሠለጥን በመቅረቱም የተባለው እውነት ይመስላል። «አይታገሥም» የተባለ ወጣት ኀላፊነት አይሰጠውም፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ ስለማያውቅም ሥራውን ትቶ ይሄዳል። እንግዲህ አለቃው ለልዩነቱ የትውልድ ስም ከማውጣቱ በፊት፥ ሥልጠናው ለማን እንደ ደረሰና የዕድገቱ መንገድ ለማን እንደ ተገለጸ ቢጠይቅ ይሻላል።