የድንጋይ ጽሕፈት እንዴት ይነበባል

ልጆች ሆይ፥ እናንተ ፊደል ስትቈጥሩ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ሰባት ጊዜ ትቆማላችሁ፤ ግእዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ እያላችሁ እስከ ሳብዕ ትደርሳላችሁ። ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚያጕረመርም ተማሪ በየዓመቱ አይታጣም። እንግዲህ አንድ ሰው ከሰባቱ ግእዙን ብቻ ይዞ ደብዳቤ ቢጽፍላችሁ ምን ይሆናል? ሐብሩ ለማለት «ሐበረ» ብሎ ይጽፋል፤ መርሳን «መረሰ»፥ ወልድያን «ወለደየ» ያደርጋል። «ነገሠ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ንጉሥ ማለቱ ነው ወይስ ነገሠ ማለቱ ነው፥ ወይስ የታቦት ንግሥ? ጸሓፊው በአጠገባችሁ ካለ ትጠይቁታላችሁ። ከሞተ 1,600 ዓመት ካለፈው ግን ማንን ትጠይቃላችሁ?

የጥንት የግእዝ ጽሕፈት እንዲህ ነበረ። ከወልድያ ተነሥቶ በቆቦና በአላማጣ አልፎ፥ መቀሌንም ተሻግሮ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው አክሱም ይደርሳል። በዚያ በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ይገኛል። በድንጋዩ ላይ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ተጽፎአል። አንደኛው በጽርእ፥ ይኸውም በግሪክ ቋንቋ ነው፤ በቀይ ባሕር በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ይህን ቋንቋ ያውቁ ነበርና። የቀሩት ሁለቱ ቋንቋቸው ግእዝ ነው። ነገር ግን አንዱ በእኛ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ሲጻፍ፥ ሁለተኛው በሳባ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ተጽፎአል። በሳባ ፊደል የጻፈው ሰው የሳባን ቋንቋ ለማስመሰል በብዙ ቃላት መጨረሻ ላይ «መ» ጨምሮበታል። የሰው ልጅ የባዕድ ቋንቋ የሚያውቅ መምሰልን የወደደው ዛሬ አይደለም።

በእኛ ፊደል የተጻፈው ሲጀምር «ዐዘነ ነገሠ አከሰመ» የሚሉ ፊደላት አሉት። እንዲሁ ላነበበው ሰው አንድ ሰው ዐዘነ፥ ነገሠ፥ ከዚያም አከሰመ የሚል ይመስለዋል። የጽርእ ጽሕፈት ግን አናባቢዎችን ሁሉ ያሳያልና፥ በዚያ ወገን «አኤዛናስ፥ የአክሱማውያን ንጉሥ» የሚል ይነበባል። ስለዚህ ዐዘነ የተባለው የንጉሡ የኢዛና ስም መሆኑ፥ ነገሠም ንጉሥ፥ አከሰመም አክሱም መሆኑ ታወቀ። አንዱ ቋንቋ ለሌላው መብራት ሆነለት።

ነገሩም ይህ ነው። የቤጃ ሰዎች ስላመፁ ንጉሡ ሁለቱን ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ላከባቸው። እነርሱም ስድስት አለቆችን ከነሕዝባቸው፥ ቍጥሩ 4,400 የሚሆነውን ሰው አመጡ። ንጉሡም ምግብና ልብስ ሰጥቶ በሌላ አገር አሰፈራቸው። ስለ ድሉም ማሕረም ለተባለው ጣዖት አንድ የወርቅ፥ አንድ የብር፥ ሦስትም የናስ ምስል አቆመ፤ ገና ክርስቲያን አልሆነም ነበርና። ከዚያ በኋላ ባስቀረጸው በሌላ ድንጋይ ላይ ግን ማሕረምን ትቶ የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። በዚያም ድንጋይ ላይ ነ እና ኑ፥ ነ እና ኒ ተለያይተዋል። እናንተ የምትቈጥሩአቸው ሰባቱ ድምፆች በድንጋይ ላይ መታየት የጀመሩት በዚህ ንጉሥ ዘመን ነው።

ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ በ1805 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አክሱም ደርሶ የጽርእን ጽሕፈት ገለበጠ። በ1906 ኤኖ ሊትማን የሚመራቸው የጀርመን ሊቃውንት መጥተው ድንጋዮቹን ለኩ፥ ጽሕፈታቸውንም ገለበጡ፤ ሥራቸውም በ1913 በበርሊን ታተመ።

ከዚህ የሚከብድ ሥራ ደግሞ በሌላ አገር ተደርጎአል። በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል፥ መጽሐፍ ቅዱስ ሰናዖር በሚለው ምድር፥ ሱሜር የሚባል ሕዝብ ነበረ። ከ5,000 ዓመት በፊት የተቀረጸ ሸምበቆ ይዘው በእርጥብ ሸክላ ላይ ይጽፉ ነበር። ከ4,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ግን ቋንቋቸውን ለልጅዋ የምታስተምር እናት አልተገኘችም። ሆኖም የባቢሎን ተማሪዎች ብዙ መቶ ዓመት በትምህርት ቤት ይማሩት ነበር፤ በአንድ ወገን የሱሜርን ቃል፥ በሌላው ወገን የራሳቸውን ቃል እየጻፉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ግስ ሲያጠና የግእዙን ቃል ከአማርኛው ጋር አጣምሮ ይይዛልና። እነዚያ ተማሪዎች የጻፉባቸው ሸክላዎች ከምድር በተቈፈሩ ጊዜ ለኋለኞቹ ሊቃውንት መምህር ሆኑአቸው።

ነገር ግን የባቢሎን ቋንቋ ራሱ ተረስቶ ነበር። እርሱም የተፈታው የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ቤሂስቱን በተባለ ገደል ላይ በሦስት ቋንቋ ባስጻፈው ጽሕፈት ነው። ሄንሪ ሮውሊንሰን ከ1835 ጀምሮ በዚያ ገደል ላይ እየወጣ ገለበጠው። ብዙ ሰዎች ግን አላመኑም፤ ሊቃውንቱ ከልባቸው ፈጥረው ይናገራሉ አሉ። ስለዚህ በ1857 በለንደን አንድ የአሦር ንጉሥ ጽሕፈት ለሮውሊንሰን፥ ለሂንክስ፥ ለታልቦትና ለኦፐርት ለየብቻ ተሰጠ። አራቱም ሳይመካከሩ ተርጕመው በታሸገ ወረቀት ላኩ። ማኅተሙ ሲፈታ ትርጕማቸው በዋናው ነገር ተስማምቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚጠራጠር ጥቂት ሆነ። ከአራቱም አንዱ ኦፐርት በ1869 የዚያን የቀደመውን ቋንቋ ስም ሱሜርኛ ብሎ ሰየመው።

በአክሱም ደግሞ እንደዚሁ ያለ ምስክር በ1980ዎቹ ዓመታት ተገኘ። ገበሬዎች በከተማው ዳር ሌላ የኢዛና ድንጋይ አገኙ፤ እርሱም ያንኑ የቤጃን ነገር በዚያው በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይናገራል። ለአጥር ሊፈልጡት፥ ለቤት መሠረትም ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን አላጠፉትም። ንጉሡ ጽሕፈቱን የሚያጠፋውን፥ ከስፍራውም የሚያነሣውን ሰው ከነዘሩ ይነቀል ብሎ በድንጋይ ላይ ረግሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሊቃውንት ሁለቱን ድንጋዮች አስተያይተው ያነባሉ፤ በአንዱ ላይ የተፋቀውን ፊደል በሌላው ላይ ይፈልጋሉ።