ሙቀት ተሸካሚው መሣሪያ፦ የክፍል አየር ማቀዝቀዣና ማሞቂያ አሠራርና አያያዝ

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ቴርሞዳይናሚክስ በማስተምርበት ጊዜ በየዓመቱ የማቀርባት አንዲት ጥያቄ አለች። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የፍሪጅ በር ተከፍቶ ቢያድር ክፍሉ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል? አብዛኛው ተማሪ «ይቀዘቅዛል» ለማለት እጁን ያወጣል። ትክክለኛው መልስ ግን «ይሞቃል» ነው። ፍሪጁ ከፊቱ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው በኩል እዚያው ክፍል ውስጥ መልሶ ይለቀዋል፤ በዚያም ላይ ከመስመር የሳበው የኤሌክትሪክ ኃይል መጨረሻው ሙቀት ነውና እርሱም ይጨመራል። ክፍሉ እንዲቀዘቅዝ ከተፈለገ የፍሪጁ ጀርባ ከግድግዳው ውጭ መሆን ይኖርበታል። ግድግዳውን በስተን ጀርባውን ወደ ውጭ ባወጣነው ጊዜ፣ በተለምዶ «ኤሲ» እያልን የምንጠራውን የክፍል አየር ማቀዝቀዣ ሠራን ማለት ነው።

ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ቁም ነገር፣ መሣሪያው ቅዝቃዜ የሚባል ነገር አምርቶ ወደ ክፍሉ የሚረጭ አለመሆኑ ነው። ቅዝቃዜ የሙቀት መጉደል እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም። የመሣሪያው ሥራ ሸክም ነው፤ ሙቀትን ከውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ማሞቂያ ያለው ዓይነት ከሆነም በብርድ ወራት አቅጣጫውን ለውጦ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህን የተረዳ ባለቤት ስለ አያያዙ የሚሰጠውን ምክር ሁሉ በቃሉ ማጥናት አያስፈልገውም። «ሙቀቱ በምን በኩል ይገባል? በምንስ በኩል ይወጣል?» ብሎ ቢጠይቅ አብዛኛውን ራሱ ይደርስበታል።

ከእንስራው እስከ ኮምፕረሰሩ

በቆላ አገር በሸክላ እንስራ የተቀዳ ውኃ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። በእንስራው ገላ በኩል ጥቂት በጥቂት የሚወጣው ውኃ ይተናል፤ ለመትነንም ሙቀት ያስፈልገዋልና ያንን ሙቀት ውስጥ ከቀረው ውኃ ይወስዳል። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በክፍል ሙቀት ለመትነን 2,450 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ያንኑ ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት ከሰባት እጥፍ ይበልጣል።

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ደግሞ የዚህን ሂደት ግልባጭ ያውቀዋል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ በመትነን ጊዜ የወሰደውን ሙቀትም ለውኃው ያስረክባል። ውኃው እየሞቀ ስለሚሄድ አረቄ አውጪዋ ቶሎ ቶሎ ትለውጠዋለች። ሳትለውጠው ብትቀር እንፋሎቱ ወደ ፈሳሽነት መመለሱን እየተወ ያመልጣታል። አንባቢ ይህችን የውኃ መለወጥ ነገር ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

የክፍል አየር ማቀዝቀዣ እንስራውንና የአረቄውን ዕቃ በአንድ የተዘጋ የመዳብ ቱቦ ያገናኘ መሣሪያ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚዘዋወረው ውኃ ሳይሆን በጣም ዝቅተኛ በሆነ የሙቀት መጠን የሚፈላ ቁስ ነው፤ ባለሙያዎች በአጭሩ «ጋዝ» ይሉታል። ለምሳሌ አር-32 የተባለው በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በክፍሉ ውስጥ በተሰቀለው አካል ጋዙ ዝቅ ባለ ግፊት ከክፍሉ አየር ሙቀት እየወሰደ ይተናል። ኮምፕረሰሩ ተኑን ስቦ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅም ከውጭው አየር በላይ ይሞቃል። ከዚያም በውጭ በተተከለው አካል ውስጥ ሙቀቱን ለውጭው አየር እየሰጠ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። በመጨረሻ ፈሳሹ በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወድቅና ይቀዘቅዛል፤ ዙሩም እንደገና ይጀመራል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ እንዲህ ባለ ዘዴ ቤቶችን ማሞቅም ማቀዝቀዝም እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1852 አመልክቶ ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የነደፈው መሣሪያ ደግሞ ለሰው ምቾት ሳይሆን ለወረቀት የታሰበ ነበር። የአየሩ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ወረቀቱ እየሰፋና እየጠበበ ቀለማቱ አልገጣጠም ብለው አስቸግረው ነበርና።

የተሸካሚው ዳገት

ማንኛውም ተሸካሚ ዳገቱ በጨመረ ቁጥር ይደክማል። ለዚህ መሣሪያ ዳገቱ በውስጡና በውጩ አካል መካከል ያለው የሙቀት መጠን ልዩነት ነው። በገበያ «12,000 ቢቲዩ» ተብሎ የሚሸጠው የተለመደ መሣሪያ 3.5 ኪሎዋት ሙቀት ከክፍሉ ያወጣል፤ ከመስመር የሚስበው ግን 1.1 ኪሎዋት ገደማ ነው። የኃይል ጥበቃ ሕግ አልተጣሰም፤ ሙቀቱ ቀድሞም ክፍሉ ውስጥ የነበረ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የተከፈለው ለማጓጓዣ ብቻ ነው።

የማጓጓዣው ዋጋ ከምን ሊያንስ እንደማይችል የሚወስነው ስሌት መሠረቱ ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ሥራ ተጥሏል። ስሌቱ ቀላል ነውና እንሥራው። የውስጡ አካል 7 ዲግሪ፣ የውጩ 52 ዲግሪ ቢሆኑ፣ በኬልቪን 280 እና 325 ማለት ነው። 280ን ለልዩነቱ ለ45 ስናካፍል 6.2 እናገኛለን። እውነተኛ መሣሪያ የዚህን ግማሽ ያህል ቢሠራ፣ በአንድ ኪሎዋት ወደ 3.1 ኪሎዋት ሙቀት ይሸከማል። አሁን የውስጡ ማጣሪያ በአቧራ ተደፍኖ የውስጡ አካል ወደ 2 ዲግሪ ወረደ፣ የውጩም መተንፈሻ አጥቶ ወደ 60 ዲግሪ ወጣ እንበል። 275 ለ58 ሲካፈል 4.7 ነው፤ ግማሹ 2.4 ገደማ ይሆናል። ያንኑ ክፍል ያንኑ ያህል ለማቀዝቀዝ አሁን 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። መቶ ብር ይከፍል የነበረ ሰው መቶ ሠላሳ ብር ይከፍላል፤ ትርፉን የበላው አቧራ ነው።

«ጋዝ ጨርሷል»

በድሬዳዋ አክስቴ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት አላቸው። «ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው መድኃኒቶች በሚቀመጡበት የኋላ ክፍል ማቀዝቀዣ ተተክሎ ነበር። ሦስት የበጋ ወቅቶች በተከታታይ መሣሪያው ደከመ፤ ሦስት ጊዜም ባለሙያ ተጠርቶ «ጋዝ ጨርሷል» አለና ጋዝ ሞልቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ መሣሪያው ሌት ተቀን እየሠራ በመደርደሪያው ላይ ያለው ቴርሞሜትር 33 ዲግሪ ያሳይ ነበር። «ዘንድሮም ጋዙን ጨረሰብኝ፤ ምን ዓይነት ሆዳም ነው?» አሉኝ።

የውጩን አካል ለማየት ወደ ጓሮ ዞርን። ሌባ እንዳይነካው ተብሎ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ጣሪያም ተሠርቶለታል። የሚተነፍሰው ትኩስ አየር መውጫ አጥቶ ተመልሶ በጀርባው ይገባል። አረቄ አውጪዋ ውኃውን ያልለወጠችለት ዕቃ ማለት ይህ ነው። በየዓመቱ የተጨመረው ትርፍ ጋዝ ደግሞ በውጩ አካል ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ እያደረገ ችግሩን አባባሰው እንጂ አላቃለለውም። ቆርቆሮው ተነሥቶ በብረት ፍርግርግ ተተካ፤ ማጣሪያው ታጠበ፤ ሌላ ባለሙያ ጋዙን አውጥቶ በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ግራም ልክ መዝኖ መለሰው። በማግሥቱ ክፍሉ 26 ዲግሪ ሆነ።

አበክሬ ልናገር የምወደው ይህንን ነው፤ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፤ ቱቦው ካልቀደደ፣ መጋጠሚያው ካልላላ በቀር መሣሪያው እስኪያረጅ ድረስ ያው ጋዝ ይበቃዋል። ስለዚህ «ጋዝ ጎድሏል» የሚል ባለሙያ ሲገጥም የሚቀጥለው ጥያቄ «በየት በኩል ወጣ?» መሆን አለበት። በመጋጠሚያዎቹ ላይ የዘይት እድፍ መኖሩን ማየት፣ የሳሙና አረፋ ቀብቶ መፈተሽ፣ ቀዳዳውን መበየድ፣ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በቫኩም ፓምፕ ማውጣት፣ ከዚያም በሚዛን መሙላት፤ ሥራው ይህ ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በተቀደደ አቅማዳ እህል እንደ መጨመር ይቆጠራል።

የሚያመልጠው ጋዝም ጉዳቱ ከኪስ ያለፈ ነው። በአሮጌ መሣሪያዎች የሚገኘው አር-22 የኦዞንን ንጣፍ ከሚጎዱት ወገን በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ምርቱ ደረጃ በደረጃ እንዲቀር ተደርጓል። የተካው አር-410ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ ግራሙ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። አር-32 የዚህ ሲሶ ያህል ነው፤ ሆኖም በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እነዚህን እያቀያየሩ በአንድ መሣሪያ መሙላት ፈጽሞ አይገባም።

ከባለቤቱ የሚጠበቀው

አብዛኛው ጥገና ባለሙያ አያስፈልገውም። የውስጡን አካል ክዳን ከፍቶ ማጣሪያውን ማውጣት፣ በለብታ ውኃ ማጠብ፣ በጥላ አድርቆ መመለስ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። አቧራ በሚበዛባቸው እንደ ድሬዳዋና ሰመራ ባሉ ከተሞች በየሁለት ሳምንቱ ቢደረግ አይበዛም። ከመንካት አስቀድሞ ግን ብሬከሩን ማጥፋት ግድ ነው። የውጩ አካል ፊትና ጀርባው ክፍት ይሁን፤ ልብስ አይሰጣበት፤ ዕቃ አይደገፍበት። ከውስጡ የሚወጣው የውኃ ቱቦ ሲደፈን ውኃው በግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል፤ የሻገተ ሽታም ያመጣል። በውስጡ አካል ላይ በረዶ ከታየ ማጣሪያው ተደፍኗል ወይም ጋዙ በእርግጥ ጎድሏል፤ መሣሪያውን አጥፍቶ በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ መጠበቅ እንጂ በቢላዋ መፈቅፈቅ ቱቦውን መብሳት ነው። ከዚህ አልፎ የኤሌክትሪኩን ሳጥን መክፈት የባለሙያ ነው፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር መሥመሩ ከተቋረጠ በኋላም ቻርጁን ይዞ ይቆያል።

በሪሞቱ 16 ዲግሪ መሙላት ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዛል የሚለው እምነትም ተስፋፍቷል። ኮምፕረሰሩ በአንድ ፍጥነት ብቻ በሚዞር መሣሪያ ይህ እውነት አይደለም፤ 25 ብንሞላውም 16 ብንሞላው የሚያወጣው ሙቀት በደቂቃ ያው ነው፤ ልዩነቱ የት ላይ እንደሚያቆም ብቻ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ መሣሪያውን ወዲያው ማስነሣት ሌላው ጉዳት ነው። ኮምፕረሰሩ እንደቆመ በአንድ ወገን ከፍተኛ፣ በሌላው ዝቅተኛ ግፊት አለ፤ እስኪተካከል ቢያንስ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ራሳቸው ይጠብቃሉ፤ አሮጌዎቹ አይጠብቁም። ቮልቴጁ ሲወርድም ሞተሩ ሸክሙን ለመቻል ተጨማሪ ከረንት ይስባልና ይግላል፤ መብራቱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር መትከል ከኮምፕረሰር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

ብርድ በሚሆንበት ጊዜ

የአዲስ አበባ ነዋሪ ማቀዝቀዣ ብዙም አያስፈልገውም፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ግን ብርዱን ያውቀዋል። ሽቦው የሚግለው ተራ ሂተር ከአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ አንድ ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፤ ከዚህ በላይ መስጠት አይችልም። አቅጣጫውን የሚለውጠው ኤሲ ግን የውጩ አየር 8 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት ከዚያው አየር ሙቀት እየለቀመ በአንድ ኪሎዋት ሦስት ኪሎዋት ያህል ያስገባል። ቀዝቃዛ አየር ውስጥም ሙቀት መኖሩ ብዙ ሰው የሚያስገርመው ነገር ነው። 2 ኪሎዋት የሚስብ ሂተር ደግሞ 9 አምፔር ገደማ ስለሚፈልግ ስልክና ቴሌቪዥን ከተሰኩበት ቀጭን ማከፋፈያ ላይ መሰካት የለበትም።

ሂተርም ኤሲም ለሌለው ቤት የከሰል ማንደጃ ይገባል፤ በርና መስኮቱም ሙቀቱ እንዳይወጣ ይጠቀጠቃል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዝና የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጭሱ ያለቀለት፣ ፍም የሆነ ከሰል «ንጹሕ ነው» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ፍሙም ጋዙን ያወጣል። ከሰል ባለበት ክፍል ማደር በምንም ምክንያት አይገባም።

በከፍታ ቦታ ለሚኖር ገዢ አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ሳስቶ እፍጋቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የመሣሪያው ቬንትሌተር የሚያንቀሳቅሰው ይዘት ባይቀንስም ክብደቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያ ምክንያት ያንሳል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው አቅም ግን ለባሕር ጠለል አየር የተሰላ ነው። በመሆኑም ለክፍሉ በትክክል የሚበቃ ተብሎ ከተሰላው ጥቂት ከፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል፤ በሰሌዳው ላይ የማሞቂያውን ዋት ለሚስበው ዋት አካፍሎ ከሦስት የሚያንሰውን መተው ነው።