የኮራል ቀለምና የጠባቂው ትዕግሥት

የሰው ልጅ በሩቅ አይቶ የወደደውን ነገር ሁሉ ወደ ቤቱ አምጥቶ ለማኖር ይመኛል። ከጫካ ወፍ፣ ከሜዳ አበባ፣ ከወንዝ ዓሣ ይወስዳል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ደግሞ ከዚህም አልፈው የሞቃት ባሕርን ወለል በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከዓሣው ይልቅ የሚደክሙት ኮራል ለሚባለው ፍጥረት ነው። ቀዩ እንደ ቀላ፣ ሐምራዊውም እንደ ደመቀ እንዲኖር ሌት ተቀን ያስባሉ። እኛም ይህ ቀለም ከምን እንደሚገኝና በምን እንደሚጠበቅ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ ለመግለጽ ተነሥተናል። ነገሩን ስንመረምረው ከጨዋታነት የሚያልፍ ሆኖ አግኝተነዋልና።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ፣ በአፋቸው ዙሪያ ቀጫጭን መያዣዎች ያሏቸው ጥቃቅን እንስሶች በማኅበር ሆነው ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰዱ የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸው ውስጥም በዐይን የማይታዩ አልጌዎች ተጠግተው ይኖራሉ። አልጌው ከብርሃን ምግብ ሠርቶ ከሠራው ላይ ብዙውን ለኮራሉ ይሰጣል፤ ኮራሉም በፈንታው መጠለያና ለአልጌው እንደ ማዳበሪያ የሚያገለግል ትራፊ ይሰጠዋል።

እንግዲህ የኮራል ቀለም ከሁለት ምንጭ ይመጣል ማለት ነው። ቡናማው የአልጌው ነው። አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሐምራዊውና ሰማያዊው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንስሳው ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍባቸው ተቀብለው በሌላ ቀለም መልሰው ያበራሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 ኦሳሙ ሺሞሙራ የተባሉት ጃፓናዊ ሊቅ እንደዚህ ያለውን አረንጓዴ ፕሮቲን ከጄሊፊሽ ለይተው አወጡ። በዚህም ሥራ ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ቺን ጋራ በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በ1999 ደግሞ የሩሲያ ሊቃውንት የቀዩን ፕሮቲን ነገር ገለጹ። ያገኙትም ከሩቅ ባሕር ሳይሆን ሞስኮ ውስጥ በመስተዋት ገንዳ ይጠበቅ ከነበረ ዲስኮሶማ ከሚባል የኮራል ዘመድ ነው። ዛሬ በየላቦራቶሪው የሕዋስን ሥራ በማይክሮስኮፕ ለመከታተል ይህ ፕሮቲንና ከርሱ የተገኙት ሁሉ ያገለግላሉ። የቤት ገንዳ ቀለም ለሕክምና ምርምር መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠባቂው ሥራ እንመለስ። ቀዳሚው ብርሃን ነው። እንስሳው ብዙዎቹን ቀለሞች የሚሠራው እንደ ጥላ እንዲያገለግሉት፣ የበረታ ብርሃን አልጌውን እንዳይጎዳበት ብሎ ስለ ሆነ፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያንሰው ቀለሙም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አዲስ ኮራል በመጣበት ቀን ከመብራቱ ሥር ቢያኖሩት ይቃጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከገንዳው ታች አስቀምጦ በብዙ ሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ውሃው ነው። ሙቀቱ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨውነቱ በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ያህል፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ ማግኒዚየሙም 1300 ሚሊግራም አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች እንደሚሉት ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ቁጥሩ ሳይለዋወጥ መኖሩ ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎችን የሚያሰናክለው የምግቡ መጠን ነው። አንድ ጀማሪ ጠባቂ እናስብ። ዓሣዎቹን አብዝቶ ይመግባል፤ ትራፊው በውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል። አልጌው ይህን እንደ ማዳበሪያ ተቀብሎ ይበዛና ኮራሉ ሁሉ ቡናማ ይሆናል። ጀማሪው ይደነግጥና ውሃውን ያጣራል፤ ፎስፌቱንም በመድኃኒት መጥጦ ያወጣዋል። በእርግጥም ቡናማው እየለቀቀ ቀለሙ ይፈካል። ሰውየው ደስ ብሎት ጓደኞቹን ይጠራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የፈካው ገርጥቶ፣ የገረጣውም ነጥቶ ያገኘዋል። ኮራሉ የተራበው ባማረበት ቀን ነበር።

በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ዮርግ ቪደንማንና ባልደረቦቻቸው በ2013 እንዳሳወቁት፣ ናይትሬቱ በዝቶ ፎስፌቱ ሲያንስ ኮራል በሙቀትና በብርሃን ምክንያት አልጌውን አጥቶ ለመንጣት የቀለለ ይሆናል። በ2020 ደግሞ እነዚሁ ሊቃውንት ከዚህ የበለጠ የሚያስገርም ነገር አስረዱ። ኮራል በመጠኑ ሲጨነቅና አልጌው ጥሎት ሲሄድ ብርሃኑን የሚወስድለት ይጠፋል። ብርሃኑም ከነጩ አጥንት ላይ እየነጠረ በሥጋው ውስጥ ይበዛል። የበዛውም ሰማያዊ ብርሃን እንስሳው ቀለም አብዝቶ እንዲሠራ ያደርገዋል። ስለዚህ ሊነጣ የሚገባው ኮራል ከጤናው ዘመን ይልቅ ደምቆ ያበራል። ይህም ጌጥ አይደለም፤ አልጌው ተመልሶ እንዲገባ እንስሳው የሚዘረጋለት ጥላ ነው። በ2016 በኒው ካሌዶኒያ ባሕር ኮራሎች እንደዚህ ደምቀው ታይተዋል፤ የተጨነቁት ውሃው ስለ ሞቀባቸው ነበር። ጭንቀቱ ቶሎ ካለፈ ኮራሉ ይድናል፤ ከቆየ ግን ይሞታል።

እንግዲህ አስተዋይ ጠባቂ ኮራሉ በድንገት ሲደምቅ ከመደሰቱ በፊት የሙቀት መለኪያውን ያያል፤ ውሃውንም ይለካል። ናይትሬቱና ፎስፌቱ ጥቂት እንዲሆኑ እንጂ ፈጽመው እንዳይጠፉ ይጠነቀቃል። ያልለካውንም ነገር አይጨምርም። ኮራል ለመግዛት ሲወጣ ከባሕር የተቆረጠውን ትቶ በሌላ ጠባቂ ገንዳ ካደገው ላይ የተከፈለውን ቅርንጫፍ ይመርጣል። ቅርንጫፉ ተጣብቆ ያድጋልና። የኖራ ድንጋይ የሚሠሩት ኮራሎች በ1973 በዋሽንግተን በተፈረመው ስለ ዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ በሚናገረው ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገብተው የሚጠበቁ መሆናቸውም መታወቅ አለበት።

ይህን ስንጽፍ ከገንዳው ርቀን ያሰብነው ነገር አለ። ከተማሪ ቤት ወጥተን ሥራ የያዝን ወጣቶች ዛሬ ጀምረን ነገ ውጤቱን ለማየት እንቸኩላለን፤ አለቃችንም ሆነ ጎረቤታችን የሚያየውን ድምቀት እንደ ፍሬ እንቆጥረዋለን። ኮራል ጠባቂው ግን የገንዳው ውበት የሚገኘው ማንም በማያየው ሥራ፣ ይኸውም በየሳምንቱ በመለካት፣ ውሃ በመቀየርና ጥቂት በጥቂት በማረም መሆኑን ተምሯል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። አንድ ነገር በድንገት ደምቆ ያየን እንደ ሆነ፣ ከማጨብጨባችን በፊት ከሥሩ ምን እንደ ጎደለ ብንጠይቅ አይከፋም።