ልቅሶ ብቻ አያገናኘን

ወገኖቻችን፣ በስደት ዓለም ወዳጅን በስልክ መጠየቅ ልማድ ሆኖብናል። ሌላ ከተማ ድረስ በአካል የምንሄደው ባመዛኙ መርዶ ሲሰማ ነው። ምክንያታችንም ሥራና ድካም ነው።

ከዋሽንግተን ኒውዮርክ ግን 226 ማይል ነው፤ በአምትራክ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከዩኒየን ስቴሽን የተነሣ መንገደኛ በባልቲሞርና በፊላዴልፊያ አልፎ መሐል ማንሃተን ይወርዳል። ሌሊት ሲሠራ ያደረ ሰው መሪ ይዞ ከሚያንጎላጅ፣ እንቅልፉን ባቡር ውስጥ ቢጨርስ ይሻለዋል። ትኬት ቀደም ብሎ የቆረጠ ብዙ ጊዜ በርካሽ ያገኛል፤ ስንቅ ይዞ መግባትም አይከለከልም። በስልክ ማውራት በተከለከለበት ፉርጎ የተቀመጠ ግን ጨዋታውን ለወዳጁ ቤት ያቆየው።

ባቡር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋን አስቆረቆረ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ለገሃር የሚለው ስም የመጣውም «ጣቢያ» ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። በዚያ መስመር የሚኖር ዘመድ አዝማድ ለብዙ ዓመታት ሲጠያየቅ የኖረው በባቡር ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለወዳጃችሁ ስትደውሉ፣ «ደኅና ነህ ወይ?» ብቻ ብላችሁ ስልኩን አትዝጉት። «የሚመጣው ቅዳሜ ቤት ነህ ወይ?» በሉት።