ከግራፊክስ ካርዱ በፊት መብራቱ ይታሰብ

በነገሌ ቦረና፣ በወደራ ወይም በሞያሌ የኮምፒዩተር ጨዋታ ቤት ለመክፈት፣ አለዚያም ጨዋታ እየቀዳ በዩቲዩብ ለማቅረብ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የግራፊክስ ካርድ ዋጋ ነው። ካፒታሉን አደጋ ላይ የሚጥለው ግን የመብራቱ ጉዳይ ነው።

የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ኃይሉ ከዚህ ሊዘልና ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ ከበጀቱ ላይ አስቀድሞ የዩፒኤስ ሒሳብ ይቀነስ። በዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቮልት አምፒር ከዋት ጋር አንድ አይደለም፤ 1000 ቮልት አምፒር የሚለው ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው 600 ዋት ያህል ነው። ገዢው ዋቱን ይጠይቅ። ባትሪው የሚያቆየውም ለደቂቃዎች ነው፤ የተሠራውን አስቀምጦ ለመዝጋት እንጂ ለመጫወት አይደለም።

ለቀረጻ በነፃ የሚገኘው ኦቢኤስ ይበቃል። ፋይሉ በኤምፒ ፎር ፋንታ በኤምኬቪ ቢቀዳ፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። በሰከንድ 6 ሜጋቢት የሚቀዳ ምስል በሰዓት 2.7 ጊጋባይት ቦታ ይይዛል። ኔትወርኩ ይህን ያህል መላክ ካልቻለ፣ በቀጥታ ከማሠራጨት ቀድቶ ሌሊት መጫን ይመረጣል።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጣ ከባዱ ግራፊክስ ካርድ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል። በቆላው ሙቀትና አቧራ ደግሞ ማራገቢያው ቶሎ ቶሎ ይጽዳ። ከሁሉ በፊት ግን ዋስትናው የት እንደሚሠራና የመመለሻውን የጭነት ሒሳብ ማን እንደሚከፍል ሻጩን በጽሑፍ ያስፈርሙ።